የወንጀል ፍትሕ ዲግሪ ሁሉ የፖሊስነት ፈቃድ አያስገኝም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰላምታዬን አስቀድሜ፣ ባለፈው እትማችሁ ስለ ልጆቻችን የሙያ ምርጫ ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ ያለኝን አስተያየት ለአንባቢዎቻችሁ እንድታደርሱልኝ እጠይቃለሁ። ጸሐፊው ወጣቶቻችን ከነርስነትና ከኮምፒዩተር ሙያ ወጣ ብለው እንዲያስቡ መምከራቸው ተገቢ ነው፤ ከዘረዘሯቸው አማራጮች አንዱ የወንጀል ፍትሕ ትምህርት መሆኑም አስደስቶኛል፤ እኔም በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል አካባቢ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ቴክኒክ ኮሌጅ ይህንኑ ትምህርት ማታ ማታ እየተማርኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁና። ሆኖም ጸሐፊው በዚህ ትምህርት በሁለት ዓመት ውስጥ ፖሊስ፣ ፕሮቤሽን ኦፊሰር (ከእስር ውጭ ሆኖ በፍርድ ቤት ክትትል ሥር ያለን ጥፋተኛ የሚቆጣጠር ባለሙያ) ወይም የፌዴራል መርማሪ መሆን እንደሚቻል፣ ጠበቃ ለመሆንም አቋራጭ እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ገልጸው አልፈዋል። ከዚያው ገጽ ግርጌ ደግሞ የአንድ የኢንተርኔት ኮሌጅ ማስታወቂያ ታትሟል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲነበቡ ብዙ ቤተሰብ ገንዘቡንም የልጁንም ዕድሜ አላግባብ እንዲያወጣ ሊያደርጉ ይችላሉ ብዬ እሰጋለሁ።

በቀላሉ ከሚስተካከለው ልጀምር። ጠበቃ መሆን የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ በማንኛውም የትምህርት ዘርፍ የአራት ዓመት ዲግሪ ይይዛል፤ ከዚያ ሦስት ዓመት የሕግ ትምህርት ቤት ይማራል፤ ከዚያም የጠበቆችን ፈተና ይወስዳል። የሁለት ዓመቱ የወንጀል ፍትሕ ዲግሪ ከዚህ መንገድ አንዲት ቀን እንኳ አያሳጥርም። ኤፍ.ቢ.አይ. ለመርማሪነት የአራት ዓመት ዲግሪና የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ዕድሜውም ቢያንስ 23 መሆን አለበት። የፌዴራል ፕሮቤሽን ኦፊሰርነትም የአራት ዓመት ዲግሪ ይፈልጋል፤ በካውንቲዎችም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው ይኸው ነው። በተቃራኒው በክልላችን በሚኒሶታ ማረሚያ ቤቶች ጠባቂ ሆኖ ለመቀጠር ሁለተኛ ደረጃን ማጠናቀቅ በቂ ነው፤ ሥልጠናውንም መሥሪያ ቤቱ ራሱ ደመወዝ እየከፈለ ይሰጣል። እንግዲህ አንዱ ሥራ ከዲግሪያችን በላይ ይጠይቃል፣ ሌላው ዲግሪውን ጨርሶ አይጠይቅም ማለት ነው። በመካከል የሚቀረውና የሁለት ዓመት ዲግሪ በእርግጥ የሚያስፈልገው ዋናው ሥራ ፖሊስነት ነው፤ ስህተቱ የሚበዛውም እዚሁ ላይ ነው።

ሚኒሶታ በዚህ ረገድ ከብዙዎቹ ክልሎች ትለያለች። አትላንታ የሚኖር ዘመድ «ዲግሪ ምን ያደርጋል፣ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ሁሉ አካዳሚ ገብቶ ፖሊስ ይሆናል» ቢል ስለ ጆርጂያ ትክክል ነው። ጎረቤታችን ዊስኮንሲንም ቀጥራ ታሠለጥናለች፤ ያልተማረው ፖሊስ 60 የኮሌጅ ክሬዲት እንዲያሟላ አምስት ዓመት ትሰጠዋለች። እዚህ ግን ትምህርቱ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1977 የተቋቋመው፣ በተለምዶ ፖስት ቦርድ የሚባለው የክልሉ የፖሊስ ደረጃና ሥልጠና ቦርድ፣ ጠበቃ ወይም ነርስ ፈቃድ እንደሚያወጣ ሁሉ ፖሊስም ፈቃድ እንዲያወጣ ያስገድዳል። ለዚህ ፈቃድ የሚያበቃው ደግሞ በስሙ «ወንጀል ፍትሕ» የተባለ ዲግሪ ሁሉ ሳይሆን ቦርዱ ራሱ መርምሮ ያረጋገጠው፣ ፒፒኦኢ በሚባለው አህጽሮት የሚታወቀው የፖሊስ ትምህርት ፕሮግራም ነው። ሁለት ኮሌጆች አንድ ዓይነት ስም ያለው ዲግሪ ሊሰጡ ይችላሉ፤ የአንዱ ተመራቂ ለፈቃድ ፈተና ሲቀመጥ የሌላው ተመራቂ መመዝገብ እንኳ አይችልም።

የተረጋገጠውን ፕሮግራም የጨረሰ ተማሪም ቢሆን ገና መንገድ ይቀረዋል። ከክፍል ትምህርቱ በተጨማሪ ተማሪዎች በአጭሩ «ስኪልስ» የሚሉትን የተግባር ሥልጠና መውሰድ አለበት፤ ይህም የመሣሪያ አጠቃቀምን፣ እጅ በካቴና ማሰርን፣ በዝግ ሜዳ ላይ በፍጥነት መኪና መንዳትንና የወንጀል ሥፍራ አጠባበቅን ያካትታል። ከዚህ ሌላ የድንገተኛ ሕክምና የመጀመሪያ ረዳትነት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ከዚያ የቦርዱን ፈተና ያልፋል። ፈተናውን ማለፍ ግን ፈቃድ ማግኘት አይደለም፤ «ለፈቃድ ብቁ ነው» ተብሎ ለሦስት ዓመት ይመዘገባል፣ ፈቃዱ በእጁ የሚገባው አንድ የፖሊስ መምሪያ ወይም የሸሪፍ ቢሮ ሲቀጥረው ነው። ቀጣሪው ደግሞ የኋላ ታሪኩን ያጣራል፣ የሕክምናና የሥነ ልቦና ምርመራ ያስደርጋል፣ የአካል ብቃቱን ይፈትናል። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለማስፈራራት አይደለም፤ በየትኛውም ደረጃ ላይ ኮሌጁ ሥራ ሰጪ እንዳልሆነ ወላጆች እንዲረዱልኝ ነው።

ይህ ከንቱ ሥጋት እንዳልሆነ የሚያሳይ ጉዳይ በዚሁ ክልል በፍርድ ቤት ታይቷል። ግሎብ ዩኒቨርሲቲና ሚኒሶታ ስኩል ኦፍ ቢዝነስ የተባሉት፣ የአንድ ባለቤት የነበሩት ለትርፍ የተቋቋሙ ትምህርት ቤቶች የወንጀል ፍትሕ ትምህርታቸውን ፖሊስና ፕሮቤሽን ኦፊሰር መሆን ለሚፈልጉ ሰዎች ያስተዋውቁ ነበር። ፕሮግራሙ ግን የፖስት ቦርድ ማረጋገጫ አልነበረውም። ትምህርት ቤቶቹ የያዙት የእውቅና ዓይነትም ክሬዲቱ ወደ መንግሥት ኮሌጆች እንዲዛወር የሚያስችል አልነበረም። በ2014 የያኔዋ የክልሉ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሎሪ ስዋንሰን ከሰሷቸው፤ በ2016 የሄነፒን ካውንቲ ፍርድ ቤት በወንጀል ፍትሕ ተማሪዎቻቸው ላይ ማጭበርበር ፈጽመዋል ሲል ወሰነ። ጉዳዩ እስከ ክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2019 ተማሪዎቹ ገንዘባቸው የሚመለስበት መንገድ ጸና። የፌዴራሉ የትምህርት መሥሪያ ቤት ደግሞ በ2022 ከተማሪዎቹ የአንዳንዶቹን ብድር መሰረዝ ጀመረ። ከክሱ እስከዚያ ያለውን ጊዜ አንባቢ ራሱ ይቁጠረው፤ በ20 ዓመቱ የተመዘገበ ልጅ ዕዳው እስኪሰረዝለት ድረስ ወልዶ ልጁን ትምህርት ቤት አስገብቷል። በኢሊኖይም ዌስትዉድ ኮሌጅ በዚሁ በወንጀል ፍትሕ ትምህርት ምክንያት በ2012 ተከሶ በ2015 የ15 ሚሊዮን ዶላር የተማሪ ብድር ለመሰረዝ ተስማምቷል። ለትርፍ የሚሠሩ ኮሌጆች ከሌላው ሁሉ ይህን ትምህርት መርጠው ለምን ያስተዋውቃሉ ቢባል፣ ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል፦ እንደ ብየዳ ወይም እንደ ነርስነት መሣሪያና ቤተ ሙከራ አይጠይቅም፤ መጽሐፍና መምህር ይበቃዋል፤ ተማሪውን ደግሞ የቴሌቪዥን ድራማ አስቀድሞ አለማምዶታል።

የክሬዲት ዝውውርን በተመለከተ ጥቂት ልበል፤ ይህ ከፖሊስነት ጋር ባይገናኝም ጉዳቱ የሚታየው ዘግይቶ ነው። አንድ የማውቀው ወንድም በአንድ የግል ተቋም ሁለት ዓመት ገደማ ተምሮ ትራንስክሪፕቱን ይዞ ወደ መንግሥት ኮሌጅ ሲመጣ፣ የመዝገብ ክፍል ሠራተኛዋ ወረቀቱን በብርቱካናማ እስክሪብቶ እያሰመረች ሄዳ ከገጹ ሁሉ አንድ የእንግሊዝኛና አንድ የሳይኮሎጂ ኮርስ ብቻ ተርፈውለታል። በመንግሥት ኮሌጆችም ውስጥ ቢሆን ልዩነት አለ። የተግባር ሙያ ላይ የሚያተኩረው ኤ.ኤ.ኤስ. የተባለው ዲግሪ በሚኒሶታ ቢያንስ 15 ክሬዲት አጠቃላይ ትምህርት ሲይዝ፣ ኤ.ኤስ. የተባለው ቢያንስ 30 ይይዛል። ሁለቱም በአብዛኛው 60 ክሬዲት ናቸው፤ ሁለት ዓመት ይፈጃሉ፤ በወረቀት ላይ የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነው። በኋላ ወደ ሜትሮፖሊታን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ወይም ወደ ሌላ የክልሉ ዩኒቨርሲቲ ተሻግሮ የአራት ዓመት ዲግሪ ለመያዝ ያሰበ ተማሪ በመጀመሪያው ሴሚስተር፣ ገና ኮርስ ሳይመርጥ፣ ለወንጀል ፍትሕ የተዘጋጀው የዝውውር መስመር ውስጥ መግባቱን ከአማካሪው ጋር ማረጋገጥ አለበት። ፕሮቤሽን ኦፊሰር መሆን የሚመኝ ልጅ ካለ የእሱ መንገድ ይህ ነው።

ስለ ወጪ ጽሑፋችሁ ምንም አለማንሳቱ ገርሞኛል፤ ዋናው የምሥራች ያለው እዚያ ነበርና። ከ2024 መጸው ጀምሮ ኖርዝ ስታር ፕሮሚስ በተባለው ፕሮግራም የቤተሰቡ ዓመታዊ ገቢ ከ80,000 ዶላር በታች የሆነ የሚኒሶታ ነዋሪ በክልሉ የመንግሥት ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርትና የአገልግሎት ክፍያ ሳይከፍል መማር ይችላል። አሠራሩ ፋፍሳ የሚባለው የፌዴራል የትምህርት ድጎማ ማመልከቻ ተሞልቶ እንደ ፔል ግራንት ያሉት ድጎማዎች አስቀድመው ከተቀነሱ በኋላ የቀረውን ክልሉ የሚሸፍንበት ነው። ከፍተኛው የፔል መጠን በ2024–25 የትምህርት ዘመን 7,395 ዶላር ነበር። የኪራይና የመኪና ወጪ አይሸፈንም፤ እንደ እኔ የመኪና ማቆሚያ ቤት ውስጥ እየሠራ የሚማር ሰው ይህን ያውቀዋል። ነገር ግን ታክሲ የሚነዳ አባትና በሆስፒታል ጽዳት የምትሠራ እናት ያላቸው ልጆች በመንግሥት ቴክኒክ ኮሌጅ በነጻ ሊማሩት የሚችሉትን ትምህርት በማስታወቂያው ኮሌጅ በብድር ቢማሩ ለምን እንደሆነ የሚያስረዳኝ ሰው አላገኘሁም። ያ ኮሌጅ በዚህ ፕሮግራም ውስጥ አይካተትም።

ትምህርቱን ግን እወደዋለሁ፣ ስለ ውስጡም ጥቂት ሳልናገር ብቀር ደብዳቤዬ ሰው ለማስቀረት የተጻፈ ይመስላል። ከሁሉ ያስገረመኝ የሪፖርት አጻጻፍ ኮርስ ነው። መምህራችን፣ ጡረታ የወጡ የካውንቲ መርማሪ ናቸው፣ አጭር ቪዲዮ ያሳዩንና ያየነውን እንድንጽፍ ያዙናል። አንዱ ተማሪ «ሰውየው ተናዶ ነበር» ብሎ ከጻፈ በቀይ አክብበው «በምን ዐወቅህ?» ብለው ይጠይቁታል፤ ድምፁ ከፍ ብሏል? ጡጫውን ጨብጧል? በሩን በእግሩ ገፍቷል? የታየውንና የተሰማውን ብቻ ጻፍ፣ የተረፈውን ዳኛው ይጨርሰው ይሉታል። አማርኛ ተናጋሪ ተማሪዎች በእንግሊዝኛችን ብንሳቀቅም በዚህ ኮርስ ወደ ኋላ አልቀረንም፤ የሚፈለገው ያማረ ቃል አይደለምና።

ከፍርድ ቤት ውሳኔዎች ደግሞ በ1989 የተወሰነው የግራሃም ጉዳይ ብዙ ጊዜ ይዞን ቆይቷል። ሰውየው የስኳር ሕመምተኛ ነበር፤ ስኳሩ ሲወርድበት የብርቱካን ጭማቂ ሊገዛ ሱቅ ገብቶ ሰልፉ ስለረዘመበት እየሮጠ ወጣ፤ ሩጫውን ያየ ፖሊስ ተጠራጥሮ አስቆመው፤ ከዚያ በካቴና ታስሮ ተጎዳ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚህ ጉዳይ የፖሊስ የኃይል አጠቃቀም በሥፍራው በነበረ ምክንያታዊ ፖሊስ ዓይን መመዘን አለበት የሚለውን መለኪያ አስቀመጠ፤ መለኪያው እስከ ዛሬ ይሠራል። ክፍላችን ውስጥ በዚህ ውሳኔ ላይ የተደረገው ክርክር የመውጫ ሰዓት አልፎም አላቆመም፤ በ2020 ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ እጅ የተገደለው እኛ ከምንማርበት ብዙም ሳይርቅ ነውና ማንም ተማሪ እንደ ሩቅ ታሪክ አይሰማውም። በዚያው ዓመት የክልሉ ምክር ቤት አንገት ማነቅን በአብዛኛው ከልክሎ ባልደረባው ከመጠን በላይ ኃይል ሲጠቀም ያየ ፖሊስ ጣልቃ የመግባት ግዴታ እንዳለበት ደንግጓል፤ ይህንንም እንማራለን፣ እንፈተንበታለን። በሰፈራችን ያለውን ነገርም ያስታውሰኛል። አባቶቻችን መንገድ ላይ ፖሊስ ሲያስቆማቸው አክብሮት ለማሳየት ከመኪናቸው ወርደው ወደ ፖሊሱ ይሄዳሉ፤ ፖሊሱ ደግሞ ሳይታዘዝ የወረደን ሰው እንደ አደጋ እንዲያይ ሠልጥኗል። ሁለቱንም ወገን የሚያውቅ አንድ ሰው በመምሪያው ውስጥ ቢኖር የሚተርፈው ነገር ቀላል አይደለም።

ወላጆች ስለ ልጁ የኋላ ታሪክም አሁኑኑ ሊያስቡ ይገባል። ከባድ ወንጀል ተፈርዶበት የነበረ ሰው በሚኒሶታ የፖሊስ ፈቃድ እንደማያገኝ ብዙዎች ይገምታሉ፤ ስርቆት፣ የቤት ውስጥ ጥቃትና የአደንዛዥ ዕፅ ጥፋት ቀላል በሚባለው ደረጃም ቢሆን በደንቡ ውስጥ እንደሚገኙ ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው። የ18 ዓመት ልጅ ከሱቅ አንድ ዕቃ ሲያወጣ ተይዞ ፍርድ ቤት ሲቀርብ፣ ቤተሰቡ «ቅጣቱን ከፍለህ ተገላገል» ብሎ ጥፋተኝነቱን እንዲያምን ይመክረዋል፤ ከአራት ዓመት በኋላ ዲግሪውን ይዞ ሲመጣ ያች አንድ ገጽ ውሳኔ ትጠብቀዋለች። እንዲህ ያለ ክስ የገጠመው ልጅ ቃሉን ከመስጠቱ በፊት ከጠበቃ ጋር ሊነጋገር ይገባል፤ ለችግረኛ መንግሥት ራሱ ተከላካይ ጠበቃ ያቆማል። የመንጃ ፈቃድም እንዲሁ ንጹሕ ሆኖ መጠበቅ አለበት። የዜግነትን ጥያቄ በተመለከተ የጎረቤት ወሬ ሳይሆን የቦርዱን ቢሮ መጠየቅ ይሻላል፤ ስልክ ያነሣሉ።

ከአገር ቤት ወይም ከዚህ ዲግሪ ይዘው ሥራ ለመቀየር ለሚያስቡ ጎልማሶችም አንድ ነገር ልጠቁም። ክልሉ በ2023 በሌላ የትምህርት ዘርፍ ዲግሪ ያላቸውን ሰዎች በአጭር ጊዜ አሠልጥኖ ወደ ፖሊስነት የሚያስገባ፣ አይክፖኤት በሚል አህጽሮት የሚታወቅ ፕሮግራም በጀት መድቦለታል። እንዲህ ያለው ሰው የወንጀል ፍትሕን ከሀ ጀምሮ ሁለት ዓመት ከመማሩ በፊት መምሪያዎችን ቢጠይቅ ይጠቅመዋል። ለወጣት ተማሪዎች ደግሞ በርካታ ከተሞች ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ በትርፍ ሰዓት ኮሚዩኒቲ ሰርቪስ ኦፊሰር አድርገው ይቀጥራሉ፤ የጠፋ ውሻ መመለስና መኪና ማስነሣት የሚበዛበት ሥራ ነው፣ ነገር ግን በኋላ ቀጣሪው የሚያውቀውን ሰው ይመርጣልና ከየትኛውም የምክር ደብዳቤ ይበልጣል።

በመጨረሻም ለዝግጅት ክፍሉ ሁለት ጥያቄዎች አሉኝ። አንደኛው፣ በሚቀጥለው እትም ያንን ዓረፍተ ነገር እንድታስተካክሉና በፖስት ቦርድ የተረጋገጡትን የሚኒሶታ ኮሌጆች ዝርዝር እንድታትሙልን ነው፤ ዝርዝሩ በቦርዱ ድረ ገጽ ላይ ለሁሉም ክፍት ነው። ሁለተኛው ማስታወቂያን ይመለከታል። ጋዜጣው ያለ ማስታወቂያ ገቢ እንደማይታተም እረዳለሁ፤ የኮሌጆችን ማስታወቂያ አታውጡ አልልም። ነገር ግን የወንጀል ፍትሕ ትምህርትን የሚያስተዋውቅ ኮሌጅ እውቅናውን ያገኘው ከየትኛው አካል እንደሆነና ፕሮግራሙ በሚኒሶታ ለፖሊስ ፈቃድ ፈተና የሚያበቃ መሆን አለመሆኑን በዚያው ማስታወቂያ ውስጥ በአማርኛ እንዲጽፍ ልትጠይቁት ትችላላችሁ። ፈቃደኛ ያልሆነ ኮሌጅ ካጋጠማችሁ ያንን ራሱን ዜና አድርጋችሁ ብትዘግቡት አንባቢዎቻችሁ ይጠቀማሉ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢና የወንጀል ፍትሕ ተማሪ
ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ